የክኒን ሰዓት

አባባ አያና ግድግዳውን በከዘራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከማዶ መልስ አልመጣም። የልጅ ልጃቸው ሃዊ ከበሩ ሆና አየቻቸው።

ከግድግዳው ማዶ ይኖሩ የነበሩት እማማ የሺሐረግ ሞተዋል። እሳቸውም አያቷም የደም ግፊት ስላለባቸው፣ ማታ ማታ ክኒናቸውን ሲውጡ ግድግዳውን ይመቱ ነበር። አንዱ ሲመታ ሌላው ይመልሳል፤ «ዋጥኩ፣ አንቱስ?» እንደማለት። እማማ እስከ መጨረሻዋ ማታ ድረስ መትተዋል። ከለቅሶው በኋላ ልጃቸው ፍራሹን ሲያነሳ ግን ያልተዋጡ ክኒኖች በፌስታል ተቋጥረው አገኘ። ጤና ጣቢያው እንደገና «አልቋል» ቢለኝስ ብለው ሲቆጥቡ ኖረዋል።

«አባባ፣ ዋጡት?»

«ዋጥኩ እንጂ! ግድግዳውን የመታሁት ለምን መሰለሽ?»

ብርጭቆው ግን እንደሞላ ነው። ሃዊ እጃቸውን ይዛ ጣቶቻቸውን ገለጠች። ክኒኗ መዳፋቸው ላይ ላብ አርሷት ተቀምጣለች።

«የመጨረሻዋ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ጤና ጣቢያው ክኒኑ የለም ብሏል። የግሉን ፋርማሲ እናትሽ በምኗ ትቻለው? ለክፉ ቀን ትቀመጥ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ሃዊ ኮ፣ የኔ ልጅ።»

ቅዳሜ የወረዳው አዳራሽ በአረጋውያን ተሞላ። ውይይቱ በአንድ ረቂቅ ደንብ ላይ ነበር፤ ገቢ የሌላቸው አረጋውያን የታዘዘላቸው መድኃኒት ጤና ጣቢያ ሲጠፋ፣ ከግል ፋርማሲ በነፃ እንዲወስዱ የሚፈቅድ። ሃዊ አያቷን ደግፋ አጠገባቸው ተቀመጠች። አያቱን ይዞ የመጣው የክፍሏ ልጅ አቢ ከኋላዋ ነው።

«አታካብጂ ባክሽ» አላት ፊቷን አይቶ። «ያወራሉ፣ ውሃ ይታደላል፣ አለቀ። ከዛ ወደ ገላን መመለሻ ታክሲ ስንጋፋ እንውላለን።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠ። «በደረሰን ሪፖርት እዚህ ወረዳ መድኃኒት ያቋረጠ አረጋዊ የለም። ካለ ይናገር። ከሌለ ይሄ አንቀጽ ቢወጣ ይሻላል።»

አንድም እጅ አልተነሳም። አባባ ከዘራቸው ላይ አተኩረዋል። ከፊት ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ለሃዊ አዳራሹ ሙሉ ሰው «ዋጥኩ» የሚል መሰላት። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የእማማ የሺሐረግን ኳኳታ ሰማች፤ ሁለት ጊዜ፣ ከማዶ።

ብትናገር አባባ በሰው ፊት ያፍራሉ። ተናግራም ምንም ላይለወጥ ይችላል፤ አቢ ልክ ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ ዛሬ ማታም ግድግዳው ይመታል።

የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር በጣቷ አንጓ መታችው። ኳ፣ ኳ።

አባባ ዘወር ብለው አዩዋት። መልስ ሊሰጡ ከዘራቸውን አነሱ። ግን አልመቱም። ጉልበታቸው ላይ አጋደሙትና እግራቸውን ሰብስበው ወደ ሰብሳቢው እንድትሄድ ማለፊያ ለቀቁላት።