ደመናው የወደቀ ዕለት

አምደሚካኤል የሞተው ደመና ተሸክሞ ነው። ደመናው የጥጥ ነበር፤ ለሕፃናት ሙዚቃዊ ቴአትር በሽቦና በጥጥ የተሠራ። ሞቱ ግን የጨዋታ አልነበረም። ሰውየው አንገቱ ተሰብሮ፣ ጥጡን እንደታቀፈ መድረኩ ላይ ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ጤናዬ ስትደርስ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። የነሐሴ ጭጋግ ደብረ ማርቆስን ውጧታል፤ አምስት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው እንኳ አይለይም። አዳራሹ በር ላይ አንዲት እናት ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ቆመዋል። የደንብ ልብሷን ሲያዩ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ አስቀረቻቸው።

«ልጄን አሰሩብኝ፣ እመቤቴ! የኔ ይታያል ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት የማይችል ልጅ ነው!»

«ስምዎ ማነው እማማ?»

«ወለተ ሐዋርያት።»

«እማማ ወለተ ሐዋርያት፣ እዚህ ጣራው ስር ይጠለሉ። ሳላጣራ አልሄድም።»

ውስጥ ኮንስታብል አወቀ ጠበቃት። ነገሩ አልቋል የሚል ፊት ነው ያለው።

«ሟቹ የቡድኑ አዘጋጅ ነው። ደመናውን ሊሰቅል እዚያ ላይ ወጥቶ ሳንቃው ከዳው። ሳንቃውን ያሰረው ይታያል የሚባለው ልጅ ነው፤ በራሱ አፍ አምኗል። በቸልተኝነትም ይሁን በተንኮል እሱ ያው ታሳሪ ነው።»

ጤናዬ ቀና አለች። ከአምስት ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በሁለት ወራጆች መካከል የተጋደመው ሳንቃ አንድ ጫፉ ተፈትቶ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የጅብና የአህያ ጭምብሎች ባዶ ዓይናቸውን ሬሳው ላይ ተክለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ አይታለች፤ የልጆች መጫወቻ መሐል የተጋደመ ግን አላየችም።

ይታያል እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ገና ሃያ ዓመቱ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አላት ሳይጠየቅ። «ጋሼ አምዴ እንደ አባት ነው ያሳደጉኝ። ዛሬ ጠዋት የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮዬ ከዳኝ።»

«ሲወድቁ የት ነበርክ?»

«ፊት ለፊት ትምህርት ቤቱ። ከሰባት ሰዓት በፊት ጀምሮ ከአዳራሹ ዘበኛና ከሁለት መምህራን ጋር አግዳሚ ወንበር ሳወጣ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ኢንስፔክተር» አለ አወቀ።

«እስኪጠራ ድረስ ግን ልጁ እስር ቤት ሊያድር ነው! ይልቅ መሰላሉን ያዝልኝ።»

በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መሰላል ወጣች። የቃጫው ገመድ አልተቆረጠም፤ አልተበጠሰምም። ገበሬ አህያ ሲጭን የሚቋጥረው ዓይነት ቋጠሮ ነበር፤ ጭነቱ በከበደ ቁጥር የሚጠብቅ። እጥፋቱ አሁንም ገመዱ ላይ አለ። ቃጫው ግን በሹል ነገር ተጎርጉሮ ክሩ ተበታትኗል። ወረደች።

በአደጋው ሰዓት ግቢው ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጦጢትን ሆና የምትጫወተው የብርጓል፣ ልብስ ሰፊዋ ሸምሲያና ከበሮ መቺው ጌቱ። በቅድሚያ ሁለቱን ሴቶች ልብስ ክፍል ውስጥ አነጋገረቻቸው።

«ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ሁለታችን ከዚህ አልወጣንም፤ ኋላም እኔ ዙሁር እየሰገድኩ ነበር» አለች ሸምሲያ ዓይኗ አብጦ። «የብርጓል ጅራቷን እንድሰፋላት አጠገቤ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ገና ጨርሼ መርፌውን ሳነሳ ነው ያ ድምፅ የተሰማው።»

«ጋሼ አምዴ ሳንቃው ላይ የወጡት ያኔ ብቻ ነው?»

«ኧረ አይደለም» አለች የብርጓል። «ሰባት ሰዓት ላይም ወጥተው ሽቦውን አስረው ወርደዋል፤ ምንም አልሆኑም። ምሳ በልተው ሰባት ተኩል ላይ ደመናውን ይዘው ሲመለሱ ነው...» አልጨረሰችውም።

ጤናዬ በሩ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ፖስተር አነበበች። «ደመናን የሰረቀችው ጦጢት። ድርሰት፣ ግጥምና ዜማ፦ አምደሚካኤል» ይላል።

«ዜማው የሳቸው ነው?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«የጌቱ ነው» አለች የብርጓል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። ፖስተሩ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው። ቡድኑን ያቆሙት እሳቸው ናቸው ብለን ዝም አልን።»

ጌቱ ከመድረኩ ጀርባ ከበሮውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከኋላ፣ የዘበኛው ማደሪያ። እሳት አንድጄ ከበሮዬን ሳሞቅ ነበር። ክረምት አይደል፣ በዚህ እርጥበት ቆዳው ይላላል።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጩኸቱን እስክሰማ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ታቅፌው ሮጥኩ።»

«ከእሳቱ አልተነሳህም?»

«አንዴም።»

«ጥሩ ከበሮ ነው» አለች ጤናዬ፤ በጣቷ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«አባቴ ናቸው የሠሩልኝ።»

«ለጊዜው እኛ ዘንድ ይቆይ።»

«አደራ፣ ይጠንቀቁለት» አለ ጌቱ። ጤናዬ ከበሮውን ለአወቀ ሰጥታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ወደ ኋላ ላከችው።

ስምንት ተኩል ላይ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ቴአትሩን ሊያዩ የመጡት ሕፃናት ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ውጭ ጭጋጉ ውስጥ ሆነው እያጨበጨቡ «ጦጢት ደመናችንን መልሽልን» እያሉ ይዘፍናሉ። ሸምሲያ ጆሮዋን ይዛ ታለቅሳለች።

«በቋጠሮው ልጀምር» አለች ጤናዬ። «ይታያል፣ ቋጠሮህ አልከዳም። ሰባት ሰዓት ላይ ሰውየውን ችሎታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በሹል ነገር ጎርጉሮ ፈታው። አንተ ያን ጊዜ ከሦስት ሰዎች ጋር ወንበር ታወጣ ነበር። ሸምሲያና የብርጓል እርስ በርሳቸው እየተያዩ ነበሩ። የቀረው እሳት ዳር ነበርኩ ያለው ነው።»

«እሳቱን ሄደው ይዩት! ፍሙ አልጠፋም!» አለ ጌቱ።

«አይቼዋለሁ፤ ማንደዱንስ አንድደሃል። አወቀ!»

አወቀ ከበሮውን ይዞ ገባ። ጤናዬ በልጅነቷ ደምበጫ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ስትመታ ያደገች ናት። ማንገቻውን አንገቷ ላይ አጥልቃ አንዴ መታችው። ድም! አዳራሹ ተናወጠ፤ ውጭ ያሉት ልጆች እንኳ ቴአትሩ የተጀመረ መስሏቸው በደስታ ጮኹ።

«ይሄ በዚያው እሳት አወቀ ሩብ ሰዓት ያሞቀው ከበሮ ነው። ቅድም ጌቱ እጅ ላይ ስነካው ግን ቆዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ ድምፁም የእርጥብ ስልቻ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሞቀ ከበሮ በአርባ ደቂቃ እንዲያ አይሆንም።» ወደ ጌቱ ተጠጋች። «እሳት አጠገብ ትተኸው ብትሄድ ቆዳው ይሰነጠቃል። የአባትህ ከበሮ ነውና አላስቻለህም፤ ከእሳቱ አርቀህ አስቀመጥከው። ለከበሮው ሳሳህ፣ ለሰውየው ግን አልሳሳህም።»

ጌቱ እጁን ወደ ከበሮው ዘርግቶ መለሰው።

«ዜማዬ ነበር» አለ። «ጠዋት ስሜ የለም ብላቸው ሳቁብኝ። ይሰበሩ ብዬ ነው እንጂ ይሙቱ ብዬ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል!»

«እኔስ?» ይታያል ከተቀመጠበት ተነሳ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርክ እኮ፣ ጌቱ! ስታሰር ዝም ብለህ ልታየኝ ነበር?»

ጌቱ አንገቱን ደፋ።

አወቀ ካቴናውን ከይታያል እጅ ፈትቶ ለጌቱ አጠለቀለት። ይታያል በሩ ድረስ እንደ ሕመምተኛ እየተደገፈ ሄደ። እናቱ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ጣራው ስር ይጠለሉ ተብለው እንኳ ከዝናቡ አልወጡም።

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» አላቸው።

«መቼ ነህ አልኩህ?» አሉት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት፤ በረጠበው ነጠላቸው ፊቱን ጠረጉለት።