አምስት ሊትር ብሉቤሪ

ሄልካ ከጫካ የለቀመችውን ብሉቤሪ በባልዲ ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ ኦና የአክስታቸውን የሳይሚን ሽርጥ ታጥቃ ጠበቀቻት። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ያን ሽርጥ የምትታጠቀው ሄልካ ነበረች።

ኦና የአጎቷ ልጅ ናት፤ ከሄልሲንኪ ከመጣች ሳምንቷ ነው። በመንደሩ በዓል ላይ የሚሸጠውን ማርማላታ ከሳይሚ ጋር የምትሠራው ግን ሁልጊዜ ሄልካ ነበረች። ዘንድሮ ሳይሚ ለነገው በዓል ጠረጴዛ ልታሰናዳ ስትወጣ፣ ድስቱን ኦና እንድትይዝ፣ ጫካውን የምታውቀው ሄልካ ደግሞ እንድትለቅም ነግራቸው ሄደች። ሄልካ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ቅናት ሲያንገበግባት ዋለ።

«ስንት ለቀምሽ?» አለች ኦና።

«አምስት ሊትር።»

እዚያ አገር የዱር ፍሬ በጫካም በገበያም የሚለካው በሊትር ነው። የስኳሩ ከረጢት ጀርባ ላይ የተጻፈው ግን በኪሎ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ግማሽ ኪሎ ስኳር። ኦና አነበበችና «አምስት ኪሎ ነዋ! ሁለት ኪሎ ተኩል ስኳር» ብላ ከረጢቶቹን ትከፍት ጀመር።

ሄልካ ልታርማት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሊትሩ ኪሎ የሚሆነው ለውሃ ነው። በፍሬ መሃል ባዶ ቦታ ስላለ አንዱ ሊትር ስድስት መቶ ግራም ቢመዝን ነው፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ስኳር ሲገባበት ነገ የቀመሰው ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ሳይሚም ለከርሞ ድስቱን ለማን እንደምትሰጥ ታውቃለች። ሐሳቡ ሄልካን ደስ አሰኛት። ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች፤ ግን ባልዲውን ለኦና አቀበለቻት።

ኦና ፍሬውንና ስኳሩን ድስቱ ውስጥ ገልብጣ ምድጃውን አበራች። ከዚያ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች።

«ሄልካ፣ አትሳቂብኝ እንጂ ድስቱን ስጪኝ ብዬ ሳይሚን የለመንኳት እኔ ነኝ» አለች። «አክስቴ ስልክ በደወለች ቁጥር ወሬዋ ሁሉ ስላንቺ ነው። ቀንቼብሽ ነው።»

ሄልካ እጇን ዘርግታ ምድጃውን አጠፋችው።

«ፍሬው ሦስት ኪሎ ነው። አምስት ሊትር አምስት ኪሎ አይሞላም። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ኦና ፊቷ ቀላ። «አንቺ ክፉ!»

«ነኝ።»

ስኳሩ አንዴ ገብቷል። የሚጨመረው እንግዲህ ፍሬ ነው፤ ከሦስት ሊትር በላይ። ሳይመሽ ይህን ያህል የሚለቀምበት ቦታ ደግሞ ሄልካ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ከረግረጉ ማዶ፣ ሳይሚ ለእሷ ብቻ ያሳየቻት። የዚያ አገር ሰው በሩን ሳይቆልፍ ያድራል እንጂ የፍሬ ቦታውን ለወንድሙም አያሳይም። ሄልካም ለእናቷ እንኳን ነግራ አታውቅም።

በሩ ሥር ከተደረደሩት ጫማዎች የሳይሚን ቦቲ አንስታ ለኦና ሰጠቻት።

«ለሰው ብትነግሪ ግን ወዮልሽ።»

ባልዲ ባልዲያቸውን ይዘው ወጡ። ሄልካ ቀድማ መንታ መንገዱ ጋ ስትደርስ፣ የሚከተላት ሰው እንዳይኖር እንደ ልማዷ ዞር ብላ አየች። ኦና በሰፊው ቦቲ እየተጎተተች ትመጣለች። እስክትደርስባት ቆማ ጠበቀቻት።