የኦቦ ኢቲቻ ፓወር ሳፕላይ

«ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት… ሠላሳ ዘጠኝ…»

ጂጂ ስልኳ ላይ ዓይኗን ተክላ ትቆጥራለች። አሲያና ነገሳ ትንፋሻቸውን ውጠው ስክሪኑን ያያሉ። አርባ ላይ ስትደርስ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ስክሪኑ ጨለመ።

«ሙሽራው ደግሞ ተኛ!» አለ ነገሳ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ።

ሙሽራው የሚሉት ኮምፒውተሩን ነው። ወር ሙሉ ዕቃ ሲሰበስቡ ከርመው ባለፈው ሐሙስ በገዛ እጃቸው ገጣጥመውታል። ሳጥኑ እዚሁ ሰበታ ተገኘ፤ ሜሞሪውን የጂጂ አጎት ከቡራዩ ላኩት፤ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሳፕላይ ከዓለም ገና መጣ። ነገ ሰኞ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ሳይጠፋ ግማሽ ሰዓት ከሠራ የሳይንስ ክበቡ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ካልሠራ ግን ክፍሉ የኳስና የመረብ ማስቀመጫ እንደሚሆን ተነግሯቸዋል።

«ይኼኛውም የሞተ ነው» አለ ነገሳ። «ሰውዬው በቁማችን ሸወዱን!»

ሰውዬው ዓለም ገና ላይ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች የሚሸጡት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው። ትናንት ነገሳ የመጀመሪያውን ፓወር ሳፕላይ ይዞ ሄደና ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ «የሞተ ዕቃ ነው የሸጡልን!» ብሎ ጮኸባቸው። ኦቦ ኢቲቻ አልተከራከሩም። የሚሠሩበትን የራሳቸውን ኮምፒውተር ፈቱና ፓወር ሳፕላዩን ነቅለው ሰጡት። «እኔ በየቀኑ የምጠቀምበት ነው፤ ውሰድ» ብቻ ነው ያሉት።

ነገሳ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ የጻፈውንም ጮክ ብሎ አነበበው። «የአሥረኛ ክፍል ልጆች በሙሉ፣ ዓለም ገና ኦቦ ኢቲቻ ጋ ማንም ዕቃ እንዳይገዛ…»

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለች ጂጂ።

«ሁለት ፓወር ሳፕላይ፣ ሁለት ሬሳ! ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ?»

«መጀመሪያ ቦንቦሊኖ እንብላ። በባዶ ሆድ የሰው ስም አይጠፋም።»

ነገሳ ሳይወድ ሳቀ። መልእክቱን ሳይልከው ስልኩን ኪሱ ከተተና ሁለቱ ተያይዘው ወጡ።

አሲያ ከአባቷ ከአብዱሰመድ የቤት ዕቃ ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ብቻዋን ቀረች። ከሰው መሀል ስትሆን ብዙ አታወራም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ሲጨቃጨቁ እሷ ደብተሯ ላይ ስትመዘግብ ነበር። ጠዋት፦ ሁለት ደቂቃ ከአርባ። ወዲያው ሲሞከር፦ ሃምሳ ሰከንድ። እንደገና፦ ሃያ ሰከንድ። ከምሳ በኋላ፦ ሁለት ደቂቃ ከአርባ።

ሲያርፍ ይቆያል። ወዲያው ሲሞከር ቶሎ ይጠፋል። ፓወር ሳፕላዩ የሞተ ቢሆን ማረፉ ምን ይጠቅመዋል? ዕረፍት የሚፈልገው የጋለ ነገር ነው።

ጣቷን ሰድዳ ከማቀዝቀዣው ፋን ሥር ያለውን ብረት ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። ይህ ብረት ሥራው የኮምፒውተሩ አንጎል ከሆነው ፕሮሰሰር ሙቀት መሳብ ነው፤ አሁን መጋል ነበረበት። ሙቀቱ አልደረሰውም ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሐሙስ ትዝ አላት።

ፋኑን የገጠመችው እሷ ናት። «የአሲያ እጅ አይንቀጠቀጥም» ብለው ነበር የሰጧት። ብረቱ ከሥሩ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ነበር፤ ላስቲኩ ላይ በቀይ ቀለም የቻይና ፊደል ተጽፏል። አይታዋለች። እንዳይላጥ ብላ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አስተካክላዋለች እንኳ። በእነሱ ቤት ከአዲስ ዕቃ ላይ ላስቲክ አይነሳም። ፍሪጁ፣ ሪሞቱ፣ የሳሎኑ ሶፋ፣ የሱቁ ሚዛን ሁሉ ላስቲካቸውን እንደለበሱ ዓመት አልፏቸዋል። ታናሽ ወንድሟ ፈሀድ የቴሌቪዥኑን ጫፍ ትንሽ የላጠ ዕለት፣ ተቆጥቶ የማያውቀው አባቷ ቀኑን ሙሉ አላናገረውም።

ብሎኖቹን ፈታች። ላስቲኩ ተጨማዶ፣ ሙቀት አስተላላፊው ነጭ ቅባት ተለድፎበት እዚያው አለ። ላጠችው። ብረቱን ጠርጋ፣ አዲስ ቅባት ቀብታ፣ ፋኑን መልሳ አሰረችና ኮምፒውተሩን አበራችው።

ሁለት ደቂቃ ከአርባ አለፈ። አምስት ሆነ። አሥር ሲሆን አሲያ አፏን በእጇ ይዛ ብቻዋን ሳቀች። ብረቱን ነካችው፤ ሞቅ ብሏል።

ከዚያ መዳፏ ውስጥ ያለውን ላስቲክ አየች። ጠቅልላ ሽንብራ ብታሳክለው ኪሷ ገብቶ ይጠፋል። ማን ያውቃል? ላስቲኩን ኪሷ ጨመረችው።

ነገሳ ከጂጂ ጋር ተመልሶ ስክሪኑን ሲያይ የቦንቦሊኖው ፌስታል ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«ዱጉማ? የእውነት?» እስክስታ ቃጣው። «አላልኳችሁም? የሞተው የመጀመሪያው ነው! ይኼኛው ትንሽ ማሟሟቅ ነበር የፈለገው። በሉ መልእክቴን ላስተካክል፤ አንድ የሞተ ሸጠውልናል ነው የምለው።»

«አንቺ ግን ምን ነካክተሽ ነው?» አለች ጂጂ፣ አሲያን እያየች።

«ምንም» ብትል ያበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ነገሳ ስልኩን አውጥቶ አውራ ጣቱን አዘጋጅቷል።

«ነገሳ፣ አትላከው» አለች። ላስቲኩን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ፋኑ ሥር ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት። ሁለቱም ፓወር ሳፕላይ ደህና ነበሩ።»

ጂጂ ላስቲኩን አንስታ ዘረጋችውና በሳቅ ፈነዳች። «ልክ እንደ ሶፋችሁ!»

«ሙሽራውን በጋቢ ጠቅልለሽ ለምን አላበው ትይናለሽ?» አለ ነገሳ፣ ቦንቦሊኖ በሞላው አፉ እየሳቀ። አሲያም ሳታስበው አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ነገሳ ማኘኩን አቆመ። «ሰውዬውን ግን… በሰው ፊት ነው እኮ የተናገርኳቸው።» መልእክቱን አጠፋው። «ማታ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ኮምፒውተራቸው እኮ በእኛ ምክንያት ተፈቶ ነው ያለው» አለች አሲያ። «ዛሬ እንውሰድላቸው። የመጀመሪያውን ይመልሱልናል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተሩን ራሳቸው አጠፉት። ፓወር ሳፕላዩን ነቅለው በፌስታል ያዙና የዓለም ገና ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍተው ገቡ።

የኦቦ ኢቲቻ ሱቅ እሑድም ሰው አያጣም። አራት አምስት ደንበኞች መስታወቱን ተደግፈው ቆመዋል። ኦቦ ኢቲቻ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሬዲዮ ይፈታሉ። ከጎናቸው ኮምፒውተራቸው ክዳኑ ተነስቶ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል። ልጆቹን ገና አላዩአቸውም።

«ሰዎቹ እስኪወጡ ውጭ እንጠብቅ» አለ ነገሳ በሹክሹክታ።

አሲያ መንገዱን ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩን አየችው። ከዚያ የተከፈተውን ኮምፒውተር አየች።

«ትናንት ስትጮህባቸውም ሰው ነበር አላልክም?» አለችና ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለችው።

ደፉን አለፈች። ደንበኞቹ ዞር ብለው አዩዋት፤ ጆሮዋ ጋለ።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ አካም ጂርቱ?» አለች፣ ከለመደችው ከፍ ባለ ድምፅ። «አሲያ እባላለሁ። ስለ ትናንቱ ነው የመጣሁት። ዕቃዎ ደህና ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»