ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የተሰማው ፉጨት

«አንተ ነህ የገደልከው! ያንተ ሥራ ነው ወንድሜን የበላው!»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ኮሌታዬን ይልቀቁኝ።»

«አለቅህም! ቱቦውን ያጋጠምከው አንተ አይደለህም? በል ካድ!»

«አልክድም። ያጋጠምኩት እኔ ነኝ፤ ግን በደንብ ነው ያጋጠምኩት።»

ሁለቱ የተናነቁት በጋራዡ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሬሳው ከተነሳ ገና አንድ ቀን አልሞላውም። ኮሌታ የያዙት የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቱርቦ ሲጠግኑ ስለኖሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ቱርቦ ይላቸዋል። የተያዘው ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ ከመቅጠኑ የተነሳ ቀጮ ይሉታል። ሟቹ የጋሽ ቱርቦ ታናሽ ወንድም፣ እሳቸው አሳድገው ያስተማሩት መሐንዲስ ነበር።

በሩን ተደግፋ ስታያቸው የቆየችው መርማሪ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከጨረሳችሁ እኔ ልጀምር። የሐኪሙ ወረቀት ሰውየው በሞተር ጭስ ታፍኖ ሞተ ይላል። የጭስ ማውጫ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ወልቆ ነው የተገኘው። አለቃዬ ደግሞ ዛሬ ከሥራ ሳንወጣ ቀጮን በቸልተኝነት አስሬ መዝገቡን እንድዘጋ ይፈልጋል።»

ቀጮ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እናታቸው የለችም።»

«እንግዲያው አስረዳኝ። ይሄ ሞተሩ ላይ የተገጠመው፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ብረት ምንድነው?»

«የኤሌክትሪክ ቱርቦ ነው። ሞተር አየር በደንብ ከገባለት ጉልበት ያገኛል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። የድሮው ቱርቦ በራሱ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ነው አየር የሚገፋው። ይሄ ግን በባትሪ ይሠራል፤ ጭስ አይጠብቅም።»

«ፀጉር ማድረቂያ በለው!» አሉ ጋሽ ቱርቦ።

«ዛሬ ከፋብሪካ ሰዎች መጥተው ሊያዩት ነበር» አለ ቀጮ። «ከወደዱት መሐንዲሱንም ሊቀጥሩት።»

መርማሪዋ ወደ ጋሽ ቱርቦ ዞረች። «ትናንት የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? ከግቢው ማዶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ። ስድስት ሰዓት ሲል ሞተሩ ጠፋ፤ የዚህ ማሽን ፉጨትም አብሮ እየሰለለ ጠፋ። ተመስገን፣ ሊያርፍ ነው ብዬ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።»

ጻፈችው። ጽፋም ለራሳቸው አነበበችላቸውና አስፈረመቻቸው።

የሟቹ ሚስት ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤት፣ የባሏን ሸሚዞች ጭኗ ላይ ቆልላ ተቀምጣ ነበር። ታጥፋቸዋለች፤ መልሳ ትፈታቸዋለች።

«ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ወሰድኩለት» አለች። «በሩ ዝግ ነው። ሙከራ ላይ ከሆነ አታንኳኪ ብሎኛል። ጆሮዬን ስለጥፍ ያ ማሽን ያፏጫል። ሥራ ላይ ነው ብዬ ሳህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ አይሰማም። አንዳንድ ቀን ማሽኑን ብቻ ነበር የሚያስነሳው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

ቀጮም ኬብል ሊገዛ ተልኮ ሲመለስ ፉጨቱን ከግቢው በር ጀምሮ ሰምቶታል። ድምፁ ሲደክም፣ ከዚያም ጭራሽ ሲጠፋ ግራ ገብቶት አንኳኳ። መልስ ሲያጣ በሩን ሰበረ።

ቀጮ ባትሪውን ከቀየረ በኋላ መርማሪዋ ከግቢው ማዶ የጋሽ ቱርቦ ጠረጴዛ አጠገብ ሄዳ ቆመችና ማሽኑን እንዲያስነሳው በእጇ ጠቆመችው። ፉጨቱ ግቢውን አቋርጦ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሕንፃውን ዞራ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከግድግዳው ወደሚወጣበት ጠባብ መተላለፊያ ገባች። ግድግዳው የድንጋይ ነው፤ ፉጨቱ እዚያ አይሰማም። ጎንበስ ብላ የቱቦውን አፍ አየች። ውስጡ ጥላሸት ለብሷል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ግን ጣት በሚያህል ስፋት ተጠርጎ ብረቱ ያብለጨልጫል። ሰማያዊ ክሮች ተጣብቀውበታል።

ከሥራ መውጫ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሦስቱንም ሞተሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«የመፈተሻው ኮምፒውተር ሁሉንም መዝግቧል» አለች። «ሞተሩ የጠፋው ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ቱርቦው ግን ባትሪው እስኪያልቅ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ዞሯል። ጠረጴዛዎ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ጋሼ፣ ፉጨቱን ይሰሙ ነበር። እርስዎ ግን ከሞተሩ ጋር አብሮ ጠፋ አሉኝ።»

«ተሳስቼ ይሆናላ! ሰው አይሳሳትም?»

«ሌላ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። የድሮው ቱርቦ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይሞታል፤ ሠላሳ ዓመት የሰሙት እሱን ነው። ስለዚህ ያልሰሙትን ከልማድ ሞሉት። የሞተሩ መጥፋት በቱቦው በኩል እየተሰማ ፉጨቱ የማይሰማው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ፣ የቱቦው አፍ ላይ። እዚያ ጨርቅ ተወትፎ ነበር። ጭሱ መውጫ ሲያጣ መገጣጠሚያውን ፈንቅሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ሞተሩም በራሱ ጭስ ታፍኖ ጠፋ። ክሩ ሰማያዊ ነው፤ ከኋላ ኪስዎ እንደተንጠለጠለው የእጅ መጥረጊያ።»

የጋሽ ቱርቦ እጅ ሳያዙት ወደ ኪሳቸው ሄደ። ሞተሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እሱን አይደለም» አሉ። «ሞተሩን ነው ላፍን የፈለግሁት። ፈተናው ይበላሽና ሰዎቹ ሳይመጡ ይቀራሉ፣ እሱም እኔ ጋ ይቀራል አልኩ። የታፈነ ሞተር ሁለት ደቂቃ አይቆይም፤ ይስላል፣ ይጠፋል። ይሄ አልጠፋ አለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅሁት፤ እልኸኛ! ሲጠፋ ጨርቄን ነቅዬ ሄድኩ።»

«ባትሪው አየር እየገፋ ስላስተነፈሰው ነው፣ ጋሼ» አለ ቀጮ። «ይኼንን ሊያሳይዎት አሥር ጊዜ ጠርቶዎታል።»

«ጠርቶኛል» አሉ ሽማግሌው። «ፀጉር ማድረቂያ አላይም አልኩት።»

«ሞቶ ሲገኝስ?» አለች መርማሪዋ።

«ፈራሁ። ቱቦውን ያጋጠመ ሰው አለ ብዬ በእሱ አላከክሁ።»

ሚስትዬዋ መርማሪዋን ክንዷን ያዘቻት።

«ሰባት ሰዓት ላይ ነፍሱ አልወጣችም ነበር? በሩን ብከፍተው ኖሮ?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፣ እህቴ። አላውቅም ነው ያለኝ።»

«አያውቅም?»

«አያውቅም። የሚያውቅም የለም።»

ጋሽ ቱርቦ የወንድማቸው ሚስት እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። እሷ ወደ ኋላ ሸሸችና ከግድግዳው ስትደርስ እዚያው ተንሸራታ ተቀመጠች። መርማሪዋ ውኃ አምጡላት እያለች ትጣራለች። ከፋብሪካው የተላከ ሾፌር በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሰዎቹ ሌላ ቀጠሮ ይያዝላቸው እንደሆነ ጠየቀ። ቀጮ ቱታውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፤ የተቀደደ ኮሌታውን በእጁ ገጥሞ ይዞ በሾፌሩ ጎን አልፎ ወጣ።