ጨው የጠጣው ጆንያ

ዙሀራ ከሳጉሬ ወደ ገለማ ተራራ ስትነሳ ፊቷ ተኮሳትሮ ነበር። ያኮሳተራት ብርዱ ወይም ዳገቱ አልነበረም። አባቷ በመጨረሻዋ ደቂቃ ፈረሱ ላይ ያስጫኑት አንድ ጆንያ ጨው ነው።

ሀጂ ሰኢድ አሰላ ገበያ ውስጥ ጨውና ስኳር ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን ለመሸኘት ሳጉሬ ድረስ መጥተው ገመዱን በገዛ እጃቸው እያጠበቁ፣ «ወደ ከብት አገር ባዶ እጅሽን ልትወጪ? ሰው ምን ይለናል!» አሏት።

«አባዬ፣ እኔ የምሄደው ለሳይንስ ነው!»

«ላሞቹ ሳይንስ አይልሱም።»

ዙሀራ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። ከአባቷ ሱቅ ለማምለጥ ስትል ነበር ፊዚክስ የተማረችው። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት መልስ ጨው ስትሰፍር የክፍል ጓደኞቿ በሩ ላይ ቆመው ይስቁባት ነበር። አሁን መምህርት ሆና ተራራ ልትወጣ ስትል እንኳን ጨው ተከትሏት መጣ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለትምህርት ቤቶች ውድድር አውጥቷል። በነገው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ገለማ ጫፍ ላይ የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ በትኖ ፎቶውን ቀድሞ የላከ ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ ይሸለማል። ለዙሀራ ደግሞ ነገሩ ከሽልማትም ያልፋል። ርዕሰ መምህሩ የሳይንስ ክበቡን ክፍል የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ሊያደርጉት ቆርጠዋል። «ቴሌስኮፕ ካመጣሽ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ የወንበሮቹ» ብለው ነግረዋታል።

መሣሪያዋን ተማሪዎቿ «ቧንቧው» ይሉታል፤ እውነትም የውሃ ቧንቧ ነው። ውስጡ ጥቁር ተቀብቷል። በአንደኛው ጫፍ ሁለት ምላጮች ለጥቂት ሳይነካኩ ተለጥፈው ቀጭን ስንጥቅ ሠርተዋል፤ በሌላው ጫፍ የተቆረጠ ሲዲና ስልክ አለ። በስንጥቁ የገባ ብርሃን ሲዲው ላይ ሲያርፍ ቀስተ ደመና ይሆናል። የፀሐይ ቀስተ ደመና ውስጥ ደግሞ ጸጉር የሚያካክሉ ጥቁር መስመሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ፀሐይ ከምን እንደተሠራች ይናገራሉ። የትኛው መስመር የምን እንደሆነ ለመለየት ግን ቦታው የታወቀ አንድ መስመር በማመሳከሪያነት ከጎን አብሮ ፎቶ መነሳት አለበት። ያለዚያ ማኅበሩ ፎቶውን አይቀበልም። ለዚህም ቢጫ የምታበራ ትንሽ መብራት ተውሳ፣ በቆርቆሮ ሳጥን አሽጋ በእጇ ይዛለች።

መንገድ መሪዋ ኦቦ ጉደታ ናቸው። ገለማን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ፣ ከብቶቻቸው እዚያው ላይ የሚግጡ ሽማግሌ። ዳማ የሚባለውን ፈረሳቸውን እየሳቡ ከፊት ይወጣሉ፤ እሷ እያለከለከች ትከተላለች። የገብሱ ማሳ አለቀ። አጥሩ አለቀ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ግራና ቀኙን ዘጋው፤ ነፋሱም ከላይ እየተወረወረ ፊታቸውን ይገርፍ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ሸንተረሩን ተንከባሎ እንዳለፈ በረዶ ወረደ፤ ባቄላ የሚያህል በረዶ።

«ላስቲኩ አንድ ነው!» ጮኹ ኦቦ ጉደታ። «ጨዉን ልሸፍን ወይስ ቧንቧሽን?»

«ቧንቧውን!»

«ጨው እኮ ይሟሟል!»

«ይሟሟ!»

ዋሻ እስኪያገኙ ድረስ በረዶው ራሳቸውን ቀጠቀጣቸው። ዋሻው ውስጥ ደረቅ አስታ ለቃቅመው እሳት አነደዱ። ቧንቧው ደርቋል፤ መብራቱም ደኅና ነው። ጆንያው ግን ከእሳቱ አጠገብ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል፤ ጨው የነበረው ነገር የዳማን ጎን አጥቦ ቁልቁል ሄዷል። ከጆንያው አንድ ጠብታ እሳቱ ላይ ሲያርፍ ነበልባሉ ቦግ ብሎ ቢጫ ሆነ። ዙሀራ አየችው፤ ነገር ግን ሐሳቧ ሽማግሌው ጋ ነበር።

«ለላሞቼ ልነግራቸው ነው» አሉ ኦቦ ጉደታ በሐዘን። «የከተማ ሰው ጨዋችሁን ለወንዝ ሰጠው እላቸዋለሁ።»

ዙሀራ አፈረች። ሽማግሌው እየቀለዱ መሆናቸውን ብታውቅም አፈረች።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጆንያው እሳት ዳር ደርቆ ድርቅ ብሏል፤ ኦቦ ጉደታ መልሰው ጫኑት። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ሲደርሱ ዳማ በድንገት ቆመ፤ ጆሮዎቹን አቆመ፤ ከዚያም አሽካክቶ በኋላ እግሮቹ ተነሳ። ከመንገዱ በላይ አለት ላይ ነብር ተጋድሟል። ጭራው ብቻ ይወዛወዛል።

«ሂንሶዳቲን!» አሉ ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን ከፍ አድርገው። «አትፍሪ! እንዳትሮጪ!»

ዙሀራ አልሮጠችም። ጮኸችና እጇ ላይ የነበረውን ነገር ባላት ኃይል ሁሉ ወረወረችው። ነገሩ አለቱን መታ፤ እየተንኳኳ፣ እየተንቃቃ፣ እየተንጋጋ ገደሉን ወረደ። ነብሩ በጩኸቱ ተማሮ ይመስል ተነሳና አስታው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

«ጎሽ!» አሉ ኦቦ ጉደታ። «ለመሆኑ ምንድን ነው የወረወርሽው?»

ዙሀራ ባዶ እጇን ተመለከተች።

«መብራታችንን።»

ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ዕንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። የወንበሮቹ ክምር፣ የተማሪዎቿ ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታያት። «እንመለስ፣ ኦቦ ጉደታ። አለቀ።»

ሽማግሌው ከፈረሱ ጋር ትግል ላይ ነበሩ። ዳማ አንገቱን አዙሮ ጆንያውን ይልሳል። ቢጎትቱት እንቢ አለ፤ ምላሱን አውጥቶ ዳግመኛ ላሰ።

ዙሀራ ብድግ አለች። ጆንያው ጨዉን ሁሉ ለወንዝ አልሰጠም፤ ድርሻውን ጠጥቶ አስቀርቷል። የዋሻው ቢጫ ነበልባል ትዝ አላት። መብራቱ ውስጥ የሚያበራው ሶዲየም ነበር፤ ጨው ውስጥ ያለውም እሱ ራሱ ነው!

«ክብሪት አለዎት?»

«ክብሪትማ አለኝ።»

«እንግዲያው እንውጣ!»

ዳገቱን በእጅም በእግርም ወጡት። ጫፉ ላይ የስልክ አንቴናና አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩን ተከልሎ ደግሞ የኋላሸት ቆሟል። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለ ትምህርት ቤት ያስተምራል። በዚያ በኩል መኪና መንገድ ስላለ ጫማው እንኳን አልቆሸሸም። የሚያብረቀርቅ መሣሪያ፣ ኮምፒውተርና መብራት ደርድሮ ፀሐይን ይጠብቃል፤ ሰማዩ ግን መልሶ ደምኗል።

«ዙሀራ! ቦታው ተይዟል እንግዲህ» አላት እየሳቀ። «መብራትሽስ?»

«ነብር ወሰደው።»

«እና በምን ልትሠሪ ነው?»

«በጆንያ።»

የኋላሸት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዙሀራ ነፋሱ መሐል ቧንቧውን ድንጋይ ላይ አጋደመች፤ አስታ አነደደች፤ ጆንያውን መቅደድ ጀመረች። ያኔ ደመናው ተሰነጠቀና ፀሐይ ወጣች።

የኋላሸት ወደ ኮምፒውተሩ ዘለለ። ማያው ጥቁር ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ብርድ ላይ ተከፍቶ ሲጠብቅ ባትሪው አልቋል። ቁልፉን ተጫነ፤ ደጋግሞ ተጫነ። ምንም።

ዙሀራ የጆንያውን ቁራጭ እሳቱ ላይ ጣለች። ቢጫው ነበልባል ሊወጣ ሲል ነፋሱ ደፈቀው። ሌላ ጣለች፤ ደፈቀው። ኦቦ ጉደታ ጋቢያቸውን ዘርግተው በአንድ በኩል ቆሙ፤ ነፋሱ ግን በሌላው በኩል ዞሮ ገባ። ደመናው እየተመለሰ ነው፤ በእጇ የቀረው የመጨረሻው ቁራጭ ነው።

በዚያ በኩል አንድ ወፍራም ጃኬት ተዘረጋ። ያዢው የኋላሸት ነው።

«ምን ታዪኛለሽ? አንሺ እንጂ!» አለ። «እኔም እኮ ማየት እፈልጋለሁ!»

ነበልባሉ ቆመ። ዙሀራ የስንጥቁን ግማሽ በጣቷ ከልላ በግማሹ ፀሐይን ፎቶ አነሳች፤ ሌላውን ግማሽ ከፍታ ወደ እሳቱ አዙራ አነሳች። ደመናው ሲገጥም ሁለቱም ፎቶዎች ስልኳ ውስጥ ገብተው ነበር። አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጋ ላከችው። አንቴናው ራሳቸው ላይ ስለሆነ መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ደርሶናል። የመጀመሪያው ነው። እንኳን ደስ አላችሁ!»

ሦስቱም ስልኩ ላይ ተደፉ። ከታች የጆንያው እሳት ደማቅ ቢጫ መስመር አለ፤ ከላይ፣ የፀሐይ ቀስተ ደመና ላይ፣ ልክ በዚያው ቦታ አንድ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። አንዱ የሌላው ጥላ ይመስላል።

«ምን ማለት ነው?» ጠየቁ ኦቦ ጉደታ።

ዙሀራ ስልኩን አንስታ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ አሸነፍን! ያዳነን ደግሞ ያንተ ጨው ነው። አባዬ፣ ጨው ውስጥ ያለው ነገር ፀሐይ ላይም አለ። አሁን በዓይኔ አየሁት!»

ሀጂ ሰኢድ ነጋዴ አይደሉ፣ ወዲያው ጠየቁ።

«ፀሐይ ላይ? ማን ያከፋፍልላቸዋል?»

ዙሀራ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትረጋጋ ኦቦ ጉደታን አየች፤ ከባዶው የፈረስ ጀርባ ጎን ቆመው ጋቢያቸውን ያራግፋሉ።

«አባዬ፣ ለኦቦ ጉደታ ላሞች የጨው ዕዳ አለብኝ» አለች። «ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ እመጣለሁ። እንዳታሰፍር፤ ራሴ ነኝ የምሰፍረው።»