ቆጡን የተወችው ገብስማ ዶሮ

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል መደባቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሞተው ተገኙ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ራስጌያቸው የእንቁላል ጥብስ የቀረበበት ሳህን አለ፤ ሙልጭ ብሏል። ልጃቸው ምሥጋናው ከፍላቂት ደርሶ ሳህኑን ሲያይ አላለቀሰም።

«ፋና ናት! በእንቁላሉ መርዛቸዋለች። ቤቱን ለእሷ እንደተናዘዙላት ታውቃለቻ!»

ፋና የሟቿ የእኅት ልጅ ናት። ሦስት ዓመት አስታማቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ታስረሽ ወደ ላሊበላ ትወርጃለሽ ሲሏት «እሺ» አለች። እግሯን ታጠበች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

ኢንስፔክተር ሰገነት ከአንድ ፖሊስ ጋር በእግሯ መጣች። ከአሸተን ማርያም በታች ያለችው መንደር መኪና አይደርስባትም፤ በቅሎም ቢሆን ይነጫነጫል። ኢንስፔክተሯ ግን ሳታለከልክ ከፋና አጠገብ ተቀመጠች።

«እንቁላሉ ከየት መጣ?»

«ጎረቤታችን እትዬ አሰለች ሰጡኝ። የእኛዋ ገብስማ መጣል ትታለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ። ረቡዕ ማርያም ስለነበረች ከእማሆይ ጋር አሸተን ውለን ማታ ስንመለስ ቆጥ አልወጣም አለች። በዱላ አስገባኋት፤ ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምታድረው አጥር ላይ ነው።»

ምሥጋናው ሳቀ። «ሰው ሞቶ የዶሮ ወሬ!»

«አንተ መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?» አለችው ሰገነት።

«ለጥምቀት። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥኩም።»

አሰለች ነጠላቸውን አገልድመው ቆመዋል። «ምስኪን፣ ገብሴን ነቀዝ ጨረሰብኝ እንዳሉ ሞቱ» ሲሉ፣ ምሥጋናው «ከእንግዲህ አይነቅዝም» አለ። ሰገነት ቀና ብላ አየችው።

ዶሮዋን አስይዛ አገላበጠቻት። ላባዋ አልረገፈም፤ አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ደም መስሏል። የታመመች ዶሮ እንዲህ አትቀላም። ቤት ገብታ ቆጡን በጣቷ ዳበሰች። ቅማል የለም፤ የሽልምጥማጥ ኮቴም የለም። ቆጡ የተሠራው ከገብሱ ጎታ በላይ ነው፤ የእማሆይ መደብ ደግሞ ከጎታው ሥር። ጎታው አፉ ላይ በእበት ተመርጓል፤ ምርጊቱ ግን እንደ ደረቀ ማሳ ተሰነጣጥቋል። አፍንጫዋን አስጠጋች። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ሸተታት።

«ሁላችሁም ውጡ! በሩም መስኮቱም ይከፈት!»

ቤቱ ነፋስ እስኪጠግብ ጠበቀች። ከዚያ አፍንጫዋን ሸፍና ጎታውን ከፈተች፤ ስትወጣ በእንጨት ጫፍ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አንጠልጥላ ነበር። አራቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከእንቁላሉ እንጀምር። እትዬ አሰለች፣ የየትኛዋ ዶሮ ነው?»

«የእኔዋ ነዋ!»

«የእርስዎዋ እኮ ጫጩት ልታወጣ ታቅፋለች፤ ስመጣ አይቻታለሁ። የታቀፈች ዶሮ ትጥላለች እንዴ?»

አሰለች ነጠላቸውን ፈትተው እንደገና አገለደሙ። «እንግዲህ ገብስማዋ እንግዳ ሆና ጭዴ ሥር ብትጥል ላባርራት ነው? ሦስት ጣለች። ሁለቱን ለፋና ሰጠኋት።»

«የገዛ እንቁላሏን ሰጥተው ‹እግዜር ይስጥልኝ› አስባሉ!»

«ብላኛለችም!»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጠ። ፋና ግን ፈገግም አላለች።

«ትናንት ማታ ጥብሱን ማን በላው?»

«እማሆይማ አልነኩትም። ያቅለሸልሸኛል አሉ። ፋና ናት እኔው ፊት ሙልጭ አድርጋ የበላችው» አሉ አሰለች።

«በልታውም ይኸው አለች። ስለዚህ ሳህኑን እንተወው። ዶሮዋ መጣል አልተወችም፤ የተወችው ቤቱን ነው። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ እዚያ ቆጥ ላይ ማደር አስጠላት። ለምን?» ጨርቁን ፈታችው፤ ግራጫ ዱቄት አለበት። «የነቀዝ መድኃኒት ነው። እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ያወጣል። ፋና የምታድረው ማድቤት ነው፤ እማሆይ ግን ከጎታው ሥር። ዶሮዋ ወጣች፤ እሳቸው ታመሙ። ትናንት ብርድ ስለነበር መስኮቱ በጨርቅ ተወተፈ።»

«እኔ ነኝ የወተፍኩት» አለች ፋና።

«ሳታውቂ ነው። መድኃኒቱ የገባው ረቡዕ፣ ቤቱ ባዶ ሲውል ነው። የመረገው ሰው እበቱን ከጭድ ጋር አላቦካውም፤ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ጋዙም ወጣ። እትዬ አሰለች፣ ያለ ጭድ የምትመርግ ሴት በዚህ አገር አለች?»

«ሰባት ዓመት የሞላት ሕፃንም እንዲህ አትመርግም!»

«ስለዚህ በሕይወቱ ጎታ መርጎ የማያውቅ ወንድ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ደጁን ሳይረግጥ ገብሱ ከእንግዲህ እንደማይነቅዝ ያወቀ ወንድ።»

ሁሉም ወደ ምሥጋናው ዞሩ። እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ገብሱ የማርያም ዝክር ነው፣ መድኃኒት አይነካውም ብለው ከለከሉኝ። ከነቀዝ እንዲተርፍላቸው ብዬ አይደል? በድብቅ ጨመርኩት። ሻጩ ሰው ከሚተኛበት አታግባ ብሎኝ ነበር። መርጌዋለሁ ብዬ…»

«ዛሬ ጠዋት ፋናን ስትወነጅል ታውቅ ነበር?»

«ገና ስገባ ሸተተኝ። ከዚያ ሳህኑን አየሁት።»

ፖሊሱ ይዞት ወረደ። ሰገነት ፋናን «ነፃ ነሽ» አለቻት።

«እሺ» አለች ፋና፤ ልክ እንደ ቅድሙ። ጫማዋን አወለቀች። «ሐሙስ እማሆይ ‹ራሴን፣ ራሴን› እያሉ ሲጠሩኝ፣ እኔ ዶሮዋን በዱላ ወደ ቤት እየመለስኩ ነበር።»

ፋና ቤት ገብታ የቆጡን እንጨት ነቀለችው፤ አውጥታ ውጭ፣ ጣራው ጥግ ሥር አሰረችው። ገብስማዋ አንገቷን ሰብቃ አየችው። ከዚያ ዞራ ወደ አሰለች ጭድ ሄደች። ፋና ዱላውን አላነሳችም።