ያለ «አብሽር» የመጣ መልእክት

የደጎሎው ሚኒባስ መካነ ሰላም መናኸሪያ ገባ። ካሳ የሚጠብቃት የትምወርቅ አልወረደችም።

ካሳ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ የተሰበረ ስልክ መፍታቱን ቀጠለ። ከተማው የሚያውቀው ስልክ ጠጋኝነቱን ነው። ሰላይነቱን የሚያውቁት አለቃው «ዋርካ» እና ለእነሱ መረጃ ለማውጣት ደጎሎ መሣሪያ አሻጋሪዎች ቤት ጸሐፊ መስላ የገባችው የትምወርቅ ብቻ ናቸው።

የራሱ ስልክ ነዘረ። በእሷ መስመር ነው።

«አልተመቸኝም። ደጎሎ ድረስ ና። አይዞህ።»

መፍቻውን አስቀመጠ።

የትምወርቅ የቄስ ልጅ ብትሆንም የወሎ ልጅ ናት። ከተዋወቁ ጀምሮ መልእክቷን የምትዘጋው «አይዞህ» ሳይሆን እንደ አገሯ ሰው «አብሽር» ብላ ነው። ይህን ሌላ ሰው ጽፎታል።

እንዴት ገባ? የመረጃ ሰጪዎቹ ሁሉ መልእክት የሚያልፈው በኢንተርኔት በተከራዩት የኮምፒውተሮች ስብስብ፣ በክላስተሩ ላይ፣ ለየሰዉ በተከለለ ኮንቴይነር ውስጥ በተዘረጋ ስውር መስመር፣ በቪፒኤን ነው። አንዱ ኮንቴይነር የዋርካ ነበር። ባለፈው ሳምንት ክላስተሩ የእሱን ቪፒኤን አላስነሳም ሲል ዋርካ ካሳ ላይ ጮኸ፤ «ሙሉ ሥልጣን ስጠውና ይነሳ!» መስመሩን ለመክፈት የኔትወርክ ፈቃድ ብቻ ይበቃው ነበር። ክላስተሩን የሚጠብቀው ካሳ ግን አለቃውን አመነና ሰጠ። ሙሉ ሥልጣን ያገኘ ኮንቴይነር ደግሞ ማሽኑን ሰብሮ የጎረቤት ኮንቴይነሮችን የምስጢር ቁልፍ ያወጣል፤ በባለቤቶቹ ስምም መጻፍ ያስችላል።

ሞኝ! በገዛ እጁ።

ደወለ።

«አለቃ፣ የትምወርቅ ደጎሎ ጠርታኛለች። ልሂድ?»

«ሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? አይዞህ።»

ያው የመልእክቱ ቃል። የከዳቸው ራሱ ዋርካ ነው።

ላፕቶፑን ከፈተ። ክላስተሩን ቢያጠፋ ሌሎቹ መረጃ ሰጪዎች ሳይታወቁ ይተርፋሉ። የትምወርቅ ግን አድኑኝ የምትልበት ሌላ መስመር የላትም። ቢጽፍላት ዋርካ ያነበዋል።

ጣቱ እምቢ አለው።

«ካስዬ፣ ስልኬ አልደረሰም?» ደንበኛው እማማ አሰጋሽ ናቸው።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ እማማ።»

ስልኩ እንደገና ነዘረ።

«በር ላይ ናቸው። ዝጋው። አብሽር።»

እሷ ናት።

ክላስተሩን ዘጋው።

ሌሎቹ ተረፉ። በዋርካ ላይ ሊቀርብ የሚችለው ማስረጃም አብሮ ጠፋ። ዋርካ ነገም ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ግን የለችም። ይህን ተልእኮው ተሳካ ይሉታል።

ካሳ ስልኩን ገጥሞ ለእማማ አሰጋሽ ሰጠ። ፊቱን አዩት።

«ምነው ጠቆርክ? አብሽር፣ ልጄ።»

 ዋርካ ሳይደርስበት ሱቁን ቆለፈና ወደ ደጎሎ ሳይሆን የአቀስታውን ሚኒባስ ተሳፈረ። ስሙን የጠየቀው አልነበረም።